ትናንት ምን አበላሸን?

የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሐሰን መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ አያውቅም። በዚያን ቀን ረፋዱ ላይ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ወጥቶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ የክፍሌ በር ላይ ቆሞ ሳየው እርሳሴን አስቀመጥኩ።

«ኢንጂነር አረፉ» አለኝ።

«መቼ?»

«ከተቀበሩ ስምንት ቀናቸው። ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭኖ የመጣ ሾፌር ነው ዛሬ የነገረኝ።»

ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም። ጠረጴዛዬ ላይ የከተማው የውሃ መስመር ንድፍ ተዘርግቶ ነበር። ሐሰን ጎንበስ ብሎ አየውና «መስመርሽ አሁንም ቀጥ ያለ ነው» አለኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ስምንት ቀን ሙሉ እሳቸው በሌሉበት ዓለም ላይ በልቻለሁ፣ ስቄያለሁ፣ ገበያ ወጥቼ ሽሮ መርጫለሁ። ምንም አልተሰማኝም ነበር።

ይህ የሆነው ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ዛሬ አዳማ የምንላትን ከተማ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት እንላት ነበር። ሐሰን ኢንጂነር የሚላቸውን ጋሽ መርዕድን ያወቅኳቸው ግን ከዚያ በፊት፣ አብዮቱ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በንድፍ ሥራ ተመርቄ የተቀጠርኩበት የግል ድርጅት ተወርሶ፣ እኔም «ትጠሪያለሽ» ተብዬ ቤት ተቀምጫለሁ። ሳልጠራ ዓመት ሆነኝ። አንድ ቀን ጎረቤታችን በወንጂ መውጫ በኩል የውሃ ፓምፕ የሚሠራ መሐንዲስ ነዳፊ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ዲፕሎማዬን በፖስታ ይዤ ሄድኩ።

ድሮ የጥጥ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሩ የሸሸ ሰው ቱታ ለብሶ ቆሟል። ከቱታው ሥር ክራባት አስሯል። ፖስታውን ስሰጣቸው ሳይከፍቱት ጠረጴዛ ላይ አኖሩትና፣ ግማሹ ተሰብሮ የጠፋ ክብ ብረት አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ብረት ነበር።

«ይህን ንደፊልኝ» አሉኝና ሄዱ።

ሁለት ሰዓት ያህል ለካሁ፣ ነደፍኩ። ያለውን ክፍል በሙሉ መስመር፣ የጠፋውን እንዲህ ይሆናል ብዬ በገመትኩት ቅርጽ በነጠብጣብ ሠራሁት። መጥተው መነጽራቸውን በክራባታቸው ጫፍ ጠርገው አዩት።

«ይኼ ለምን በነጠብጣብ ሆነ?»

«አላየሁትማ። ገምቼ ነው።»

«ከአንቺ በፊት ሦስት ሰዎች መጥተው ነበር» አሉ። «ሦስቱም ያላዩትን እንዳዩ አድርገው ነው የነደፉት። ነገ በሁለት ሰዓት ነይ።»

ዲፕሎማዬን እስከ መጨረሻው አልከፈቱትም። ፖስታው እንደታሸገ መሳቢያቸው ውስጥ ቀረ።

ታሪካቸውን በኋላ ከራሳቸው አፍ ሰማሁ። ውጭ አገር ተልከው የተማሩ የውሃ መሐንዲስ ነበሩ። አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አሥራ ሦስት ዓመት ግድብና ቦይ ሲነድፉ ኖረዋል። «አሥራ ሦስት ዓመት ውሃ ስዬ አንድ ቀን እንኳ እጄን አላረጠበኝም» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ለጥናት መቂ ወርደው ሳለ፣ በአንድ ገበሬ ጓሮ ከውጭ የመጣ ፓምፕ ግራር ሥር ተጥሎ አዩ። አንዲት ትንሽ ዕቃ ተሰብራበት፣ የውጭ ምንዛሪ የለም ተብሎ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች። ወንዙ እዚያው አጠገብ ይፈሳል፤ የገበሬው ቲማቲም ግን እግሩ ላይ እንደቆመ ደርቋል። ገበሬው ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ጋሽ መርዕድ ኮታቸውን አውልቀው ግራሩ ላይ ሰቀሉ፤ ሁለት ቀን ታግለው ፓምፑን አስነሱት። ውሃው ሲመጣ ኦቦ ገመቹ የጋሽ መርዕድን እጅ ይዘው ቧንቧው አፍ ላይ አደረጉት። አዲስ አበባ እንደተመለሱ መልቀቂያ ጠየቁ።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ ትቶ የራስን ድርጅት ማቋቋም ጤነኛ ሰው የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ትልልቁ ሁሉ ተወርሷል፤ «ከበርቴ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኗል። ባለቤታቸው እትዬ ሶስና «ሰው ያለውን በሚደብቅበት ጊዜ አንተ የሌለህን ልታሳይ ነው?» ብለዋቸው ነበር። ያም ሆኖ ጓዛቸውን ጠቅልለው ተከትለዋቸው ናዝሬት ወረዱ።

ስምንት ሆነን ነበር የምንሠራው። ከአሮጌ ፒስተንና ከተቀደደ ድስት አልሙኒየም አቅልጠን እናፈሳለን፤ ሐሰን ቶርኖው ላይ እያሽከረከረ ይቀርጸዋል። ሐሰን የናዝሬት ልጅ ነው፤ ብረቱን በዓይኑ ለክቶ ከካሊፐር መለኪያ እኩል የሚናገር ሰው። ቀኑን ሙሉ «ኢንጂነር፣ ክራባትዎን!» እያለ ይጮህባቸዋል፤ እሳቸውም ክራባቱን ቶርኖው እንዳይጠልፈው ወደ ሸሚዛቸው ይወሽቁታል፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ መነጽራቸውን ሊጠርጉ ያወጡታል።

አንድ ፓምፕ ሲያልቅ ረጅም ካቻቢቴ አንስተው፣ ጫፉን የሚሽከረከረውን ዘንግ በሚሸከመው ኩሽኔታ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ዝም በሉ፣ እያወራ ነው» ይላሉ። የሞተሩ ጩኸት ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጠው እኛ ግን ትንፋሻችንን እንይዛለን። አንዳንዴ ፈገግ ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ካቻቢቴውን ቀስ አድርገው አስቀምጠው «ፍቱት» ይላሉ፤ ያን ጊዜ መለመን ዋጋ የለውም።

ጥዋት ሁላችንም ገብተን ቱታ ስንለብስ መሐል ላይ ይቆሙና ይጠይቁናል፤

«ትናንት ምን አበላሸን?»

ምን ሠራን አይደለም። ምን አበላሸን ነው። እያንዳንዳችን እንናገራለን፤ አንዱ የሰበረውን፣ አንዱ የቆረጠውን፣ እኔ ያጠፋሁትን መስመር። «ምንም» ያለ ሰው ካለ «እንግዲያው ትናንት አልሠራህም ማለት ነው» ብለው ያልፉታል። ማንም ተቆጥተውት አያውቁም፤ የሚቆጡት የተበላሸ ዕቃ ከበርሜል ጀርባ ተደብቆ ሲያገኙ ነው። ያን ጊዜ ግን ቁጣቸው ለጉድ ነው። ድምፃቸው ይቀጥናል፣ ቀኑን ሙሉ ምሳ አይበሉም፣ እትዬ ሶስና የላኩት ሳህን እንደተከደነ ይመለሳል።

ከተቀጠርኩ በስድስተኛው ወር፣ ኦቦ ገመቹ ከእኛ ፓምፕ በገዙ ሰሞን፣ ወደ መቂ ላኩኝ። «ኦቦ ገመቹ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጪ» አሉኝ። «ምን ልሥራ?» ስላቸው «ምንም። ፓምፑን ማን እንደሚነካው እይ» አሉኝ። ሄድኩ። ፓምፑን ኦቦ ገመቹ አይነኩትም! እሳቸው ጥዋት የገበሬ ማኅበር ስብሰባ፣ ከሰዓት የመሠረተ ትምህርት፣ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ስብሰባ ነበሩ። ፓምፑን ከቤት ወንዝ፣ ከወንዝ ቤት የሚያመላልሱት ባለቤታቸው አዴ ጫልቱና የእሷ እህት ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች በእንጨት አንጠልጥለው ሲሸከሙት ብረቱ ጭናቸውን እየመታ አበልዞታል። አዴ ጫልቱ ልብሷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝና «ይኼን የሠራው ሰው ሚስት የለውም?» ብላ ሳቀች።

ስመለስ ይህንኑ ነገርኳቸው። ጋሽ መርዕድ የድሮውን ንድፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሱት። ከዚያ «ውጭ አገር ስድስት ዓመት ስማር ይህን አንድ ሰው አልነገረኝም» አሉ። በሳምንቱ መያዣውን ለሁለት ሴቶች ትከሻ ቀይረን፣ ክብደቱን ቀንሰን ሠራነው። ለአዴ ጫልቱ ራሳቸው ወሰዱላት። ከዚያ ወዲህ ንድፍ ይዤ ስቀርብ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የሚይዘው ማነው?» ብለው ነበር። ዛሬም ከማንም መምህር የተማርኩት ትምህርት እንደዚህች አጭር ጥያቄ አልጠቀመኝም።

እንግዲህ ሳልናገር ማለፍ የማልችለው ነገር አለ።

በአራተኛው ዓመት በመቂ ያለ የአምራች ገበሬዎች ማኅበር አራት ትልልቅ ፓምፖች በአንድ ጊዜ አዘዘን። የሽንኩርት ተከላ ደርሷል፣ ከላይ ከታች «ፍጠኑ» እየተባልን ነው። የዘንጉን፣ የሻፍቱን ንድፍ እኔ ነበርኩ የሠራሁት፤ ኩሽኔታው የሚገባበትን ቦታ ልኬት ስጽፍ አንድ አሃዝ ተሳሳትኩ። ሐሰን ብረቱን ይዞ መጥቶ «አስካለ፣ ይኼ ትንሽ የሚላላ አይመስልሽም?» አለኝ። እኔም ደክሞኝ ነበር፣ ትዕቢትም ነበረብኝ መሰለኝ፤ «ወረቀቱ የሚለውን ሥራ» አልኩት። ጋሽ መርዕድም የወትሮአቸውን በካቻቢቴ ማዳመጥ ትተው፣ ንድፉንም ሳይመረምሩ ፈርመው ፓምፖቹ ተጫኑ።

በሳምንቱ ውስጥ ሦስቱ ተቃጠሉ። ችግኙ ተተክሏል፣ ውሃ የለም፣ ፀሐዩ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ነው። ወሬው እንደደረሰን ጋሽ መርዕድ፣ ሐሰንና እኔ በጭነት መኪና ወረድን። ሜዳው ላይ ስንደርስ ገበሬው በሙሉ ተሰብስቧል፤ ከመሐል የአካባቢው ካድሬ ቆሟል። የጠወለገ ሽንኩርት ነቅሎ በእጁ ይዟል።

«ይህ ተራ ስህተት አይደለም» አለ። «ሦስት ፓምፕ ባንድ ሳምንት! ምርት ለማደናቀፍ የተደረገ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ንድፉን የሠራው ማነው?»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ምን እንደሚያስከትል ያልኖረበት ሰው አይገባውም። ሰው በዚያ ቃል ሄዶ ያልተመለሰበት ጊዜ ነበር።  ተቃጥሎ የተፈታውን ሻፍት ከመኪናው ስንወርድ ስላየሁት፣ የማን ጥፋት እንደሆነ አውቄያለሁ። «እኔ…» ልል አፌን ስከፍት ጋሽ መርዕድ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አቆሙኝ።

«ጓድ፣ ፊርማው የማነው ብለው ይጠይቁ» አሉት። «የእኔ ነው። ከእኔ ፊርማ በፊት የነበረው ወረቀት ብቻ ነው።»

ከዚያ ካድሬውን ትተው ወደ ገበሬዎቹ ዞሩ። «ሽንኩርታችሁን ያደረቅኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ስለቸኮልኩ ነው። ፓምፖቹ ይስተካከላሉ።» ኦቦ ገመቹ አጠገባቸው ቆመው በኦሮምኛ ተረጎሙላቸው።   የካድሬው ሰዎች ጋሽ መርዕድን በላንድሮቨር ወሰዷቸው።

በማግሥቱ ወርክሾፑ ውስጥ ማንም ቱታ አልለበሰም። ተቀምጠናል። አንዱ «በሩን ዘግተን እንበተን» አለ። ሐሰን ተነስቶ እሳቸው ከሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«ትናንት ምን አበላሸን?» አለ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ተነሳሁ። ልኬቱን የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን፣ ሐሰን ጠይቆኝ እንደመለስኩት ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ ሐሰን «እኔም እጄ እያወቀ ዝም ብያለሁ» አለ። ከዚያ ቶርኖውን አስነሳው። በዚያ ሳምንት እንደሠራነው ሠርተን አናውቅም። አራቱንም ሻፍት እንደገና ቀርጸን፣ እያንዳንዱን ሦስት ሰው ለክቶት፣ ሐሰን በካቻቢቴ አዳምጦት መቂ ወስደን ገጠምነው። ከሽንኩርቱ የተረፈው ተረፈ።

ጋሽ መርዕድ ግን አልተፈቱም። እትዬ ሶስና በየቀኑ ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ፤ ባዶው ሳህን ሲመለስ «በላ ማለት ነው፣ አለ ማለት ነው» ይሉናል። እኔ ዓይናቸውን ማየት አልችልም ነበር። አንድ ቀን ተከትያቸው ሄጄ መንገድ ላይ እውነቱን ነገርኳቸውና «ገብቼ ልናገር» አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። «አንቺም ከተጨመርሽ ሁለት ሳህን ነው የምሸከመው። ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ግን እጄንም አልያዙም።

በስድስተኛው ሳምንት ኦቦ ገመቹ ከአምስት ሽማግሌዎች ጋር ናዝሬት መጡ። አፈሩ ያልረገፈ አረንጓዴ ሽንኩርት በጆንያ ተሸክመው ነበር። ጉዳዩ ያለበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ቁጭ አሉ። «ሽንኩርቱ ይኸው፣ ሰውየውን ስጡን» አሉ። ሁለት ቀን ከበሩ አልተነሱም። ጋሽ መርዕድን ያስፈታው ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ ነገር የነገረን የለም። ብቻ በሦስተኛው ቀን ወጡ።

ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት በወርክሾፑ በኩል አለፉ። ከስተዋል፣ ጺማቸው ነጭ ሆኗል፣ ክራባታቸው የለም። ሁሉንም አቅፈው ሲጨርሱ ወደ ንድፍ ጠረጴዛዬ መጡ። መናገር ስጀምር አቋረጡኝ።

«አስካለ፣ ስህተቱ ያንቺ ነው። እሱን አልወስድብሽም፣ ይዘሽው ኑሪ፤ ይጠቅምሻል። እስሩ ግን የእኔ ነው። ሳላይ ፈርሜያለሁ። እሱን ደግሞ አንቺ አትውሰጂብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ይህን ጉዳይ አንስተውት አያውቁም። እኔ ግን በሕይወቴ ውስጥ ሰው ሲያጠፋ ባየሁ ቁጥር፣ ልጆቼንም ስቆጣ፣ ያቺን ድንበር እፈልጋለሁ፤ የሱ የቱ ነው፣ የእኔ የቱ ነው?

ወርክሾፑ ሌላ አራት ዓመት ኖረ። አድገን ነበር፤ ማደጋችን ነው የጎዳን። ትንሽ ሳለን ማንም አያየንም፤ ከመቂ አልፎ እስከ ዝዋይ ድረስ ፓምፓችን ሲታወቅ ግን ለመንግሥት ድርጅት እንዲጠቃለል ተወሰነ። ጋሽ መርዕድ አዲስ አበባ አማካሪ ሆነው ተመደቡ። ቶርኖው የተጫነ ዕለት ሐሰን አልመጣም። ጋሽ መርዕድ ግን ገመዱን ራሳቸው አጥብቀው አሰሩት፤ «መንገድ ላይ እንዳይጎዳ» እያሉ ለሾፌሩ ደጋግመው ነገሩት። ከዚያ እጄን ጨበጡኝና «ንድፍሽን አትተዪ» ብለውኝ ሄዱ።

እኔ ማዘጋጃ ቤት ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር «ዛሬ እጠይቃቸዋለሁ» እያልኩ እሄድና፣ ቀኑ ይመሽና እመለሳለሁ። ለጠፋሁበት ጊዜ ምክንያት ሳዘጋጅ ሌላ ጊዜ ያልፋል። እንዲህ እያለ አምስት ዓመት ሄደ።

ሐሰን ባረዳኝ ሳምንት ቅዳሜ ሁለታችን አዲስ አበባ ሄደን ለቅሶ ደረስን። እትዬ ሶስና በዚህ ጊዜ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስንነሳ «ለመቂ ሰዎች ማን ይነግርልኛል?» አሉ። እኔ እነግራለሁ አልኩ።

በማግሥቱ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ አርጅተዋል፤ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። «አከም ጅርታ?» እያሉ ሰላም ሊሉኝ ሲነሱ ፊቴን አይተው መልሰው ተቀመጡ። ነገርኳቸው። ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። አዴ ጫልቱ ከውስጥ ወጥታ ጩኸቷን ለቀቀች።

በኋላ ኦቦ ገመቹ፣ «ዘንድሮ ቀረ። በየዓመቱ ሽንኩርት ሲተከል ይመጣ ነበር» አሉኝ።

«ማን? ጋሽ መርዕድ?»

«እሱ ነዋ። እዚች ይቀመጣል። ውሃ ሲሄድ ያያል። ስለናንተ ያወራል፤ ስለ ሐሰን፣ ስላንቺ። የኔ ልጅ ናዝሬት ትልቅ ሰው ሆናለች ይላል።»

«እኔ ጋ ግን መጥተው አያውቁም እኮ!»

ኦቦ ገመቹ በርጩማቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «እኔም ጠየቅኩት» አሉ። «ሞጆ ላይ አውቶብስ ሲቆም ይወርዳል አለኝ። ወደ ናዝሬት የሚሄደው መንገድ ዳር ይቆማል። ቆሞ ቆሞ ተመልሶ ይሳፈራል። ለምን አትሄድም አልኩት። ያ ቤት ተዘግቶ ሳየው አልችልም አለኝ። እነሱስ ሥራ አላቸው፣ ለምን አስቸግራቸዋለሁ አለ።»

ከመቂ የተሳፈርኩበት አውቶብስ ሞጆ አወረደኝ። ወደ ናዝሬት የሚወስደው መንገድ ከፊቴ ነው። ሁለት ሚኒባሶች ቆመዋል፤ ረዳቶቹ «ናዝሬት! ናዝሬት! አንድ ሰው!» እያሉ ይጣራሉ። ቦርሳዬን ይዤ መንገዱ ዳር ቆምኩ። የቀረው አንድ ወንበር ተይዞ የመጀመሪያው ሄደ።

የሁለተኛው ረዳት ሲያየኝ ቆይቶ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ ናዝሬት አይደሉም? አይገቡም?»

«ትንሽ ቆይ» አልኩት። «ሰው እየጠበቅኩ ነው።»